ባለ ጥንቸሏ ቅባት ወይስ «ቪጋን» የሚለው?

ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ሱቅ ሁለት የፊት ቅባቶች ገዛሁ። በአንደኛው ክዳን ላይ የምትዘል ጥንቸል አለች። «ሊፒንግ በኒ» የሚባለው ይህ ምልክት ምርቱም ግብዓቱም በእንስሳት ላይ እንዳልተሞከረ ያረጋግጣል። ገልብጬ ሳነብ ግን «ሴራ አልባ» (Cera alba) የሚል የላቲን ስም አገኘሁ፤ የንብ ሰም ማለት ነው። ላኖሊን የሚል ቢሆን ከበግ ጸጉር የሚወጣ ቅባት፣ ካርሚን ቢሆን ከነፍሳት የሚሠራ ቀይ ቀለም ነበር።

ሁለተኛው «ቪጋን» ይላል። ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም፤ ስለ ሙከራው ግን ዝም ብሏል። የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከልክሏል፤ ወደ እኛ ገበያ የሚመጣው ግን ከየአገሩ ነው።

እኔ ጥንቸሏን መርጫለሁ። የንብ ሰሙን እችለዋለሁ፤ የታሰረች ጥንቸል ዓይን ውስጥ ኬሚካል መጨመሩ ግን አንጀቴን ይበላኛል። ስለ አካባቢ ጥበቃ ሁለቱም «ተፈጥሯዊ» ከማለት አላለፉም። የሁለተኛው ብርጭቆ ዕቃ ግን አሁን የእናቴን በርበሬ ይዟል።