ለመሐመድ አሊ ፊርማ ከመጫረት በፊት፦ በፎቶ የሚሰጠው የባለሙያ አስተያየት ምን ያህል ይጠቅማል?

በኢንተርኔት ገበያው በኢቤይ ለጨረታ የቀረበ የስፖርተኛ ፊርማ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ከፎቶው ብቻ መርምረው አስተያየት የሚሰጡ ድርጅቶች በአሜሪካ አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ጄኤስኤ ነው። ገዥው የጨረታውን አድራሻ ይልካል፣ አነስተኛ ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያም ፊርማው እውነተኛ ይመስላል ወይም አይመስልም የሚል አጭር መልስ ያገኛል። አገልግሎቱን እዚህ የምመዝነው በቦክሰኛው በመሐመድ አሊ ፊርማ ነው፤ ምክንያቱም ፊርማው እጅግ ተፈላጊ በመሆኑ አስመሳዮች የሚበዙበት ሲሆን፣ ከዕድሜውና ከጤናው ጋር ደጋግሞ ስለተለወጠም ለአስመሳይ ብቻ ሳይሆን ለመርማሪም ፈታኝ ነው።

አሊ እስከ 1964 መጀመሪያ ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚፈርመው ካሲየስ ክሌይ በሚለው የቀድሞ ስሙ ነበር። በጉልበቱ ዘመን የጻፋቸው ፊርማዎች ትልልቅና ያለ ማመንታት የሚፈሱ ናቸው። የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት በ1984 ከተነገረ በኋላ ግን ፊደሎቹ እያነሱ፣ እየተጠጋጉና እየተንቀጠቀጡ ሄደዋል። ስለዚህ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተፈረመ በተባለ ጓንት ላይ የወጣትነቱ ሰፊ ፊርማ ከታየ መጠርጠር ተገቢ ነው። ተቃራኒው ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ፎቶ ላይ ካሲየስ ክሌይ የሚል ጽሑፍ መኖሩ ፊርማው የዚያን ጊዜ መሆኑን አያረጋግጥም፣ አሊ በኋለኛው ዘመን በተዘጋጁ የፊርማ ፕሮግራሞች ላይ ሲጠየቅ የድሮ ስሙንም ይጽፍ ነበርና። ልምድ ያለው መርማሪ እንዲህ ያለውን የእጅና የዘመን አለመጣጣም ከፎቶም ቢሆን ቶሎ ይይዛል፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋም በእኔ ግምት ይኸው ነው።

መንቀጥቀጡን በተመለከተ ነገሩ ይወሳሰባል። አስመሳይ ፊርማን የሚጽፈው እየሣለ ስለሆነ የእሱም መስመር ይንቀጠቀጣል። ልዩነቱ የሚታየው በአጀማመሩና በአጨራረሱ ነው፦ ተፈጥሯዊ እጅ ብዕሩ ወረቀቱን ሳይነካ መንቀሳቀስ ስለሚጀምር የመስመሩ ጫፍ ይሳሳል፣ እየሣለ የሚሄደው ግን ብዕሩን አሳርፎ ስለሚነሣ ጫፉ ደንደን ያለ ነጥብ ይሆናል፤ የመስመሩ ውፍረትም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ይሆናል። በማሽን የተፈረመም ይህንኑ ይመስላል፤ ሆኖም የማሽን ፊርማ ሌላም ምልክት አለው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲፈርም ፊርማዎቹ ልክ በልክ አይገጥሙም፤ በሁለት ጨረታዎች የወጡ ፊርማዎች ሲደራረቡ ፍጹም ከገጠሙ ግን ከማሽን ወይም ከኅትመት የመጡ ናቸው።

የፎቶ ምርመራ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ተቀምጧል ወይስ ከምስሉ ጋር አብሮ ታትሟል የሚለውን ለመለየት ዕቃውን በእጅ ይዞ ወደ ብርሃን ማዘንበልና በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ዕቃውን ከጎን ዘንበል አድርጎ በቅርብ እንዲያነሣው መጠየቅ ጥቂት ይረዳል፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ጨረታውን መተው ይሻላል።

ብዙ ገዥዎች ግን ምርመራውን ሁሉ ትተው የማረጋገጫ ወረቀቱን ብቻ ያያሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ኦፐሬሽን ቡልፔን ብሎ በሰየመው ምርመራ በ1999 ያጋለጠው ቡድን ሐሰተኛ ፊርማዎቹን ይሸጥ የነበረው ከማረጋገጫ ወረቀት ጋር ነበር። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል እማሆይ ቴሬዛ ፈርመውበታል የተባለ የቤዝቦል ኳስ መገኘቱ እስካሁን ያስቃል፤ ያን ኳስ አምኖ የሚገዛ ይገኛል ተብሎ መታሰቡ ግን ያሳዝናል። የታወቁ ድርጅቶች ተለጣፊ ሆሎግራምም ቢሆን ይመሳሰላል፣ የእውነተኛ ዕቃ ቁጥርም ይገለበጣል። ስለዚህ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ የሚወጣው መግለጫና ፎቶ ለጨረታ ከቀረበው ዕቃ ጋር አንድ መሆኑን ማነጻጸር ግድ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ከ2001 ጀምሮ ፊርማው ሲፈረም ቆሞ የሚያይ ምስክር ይመድባል፤ ለአብዛኞቹ የአሊ ፊርማዎች እንዲህ ያለ ምስክር ስለሌለ ከማንኛውም ድርጅት የሚገኘው አስተያየት ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም።

በአጠቃላይ አገልግሎቱን የምመክረው ውድ ለሆነ ጓንት ወይም ፎቶ ሲሆን፣ እሱም ሐሰተኛውን ለመጣል እንጂ እውነተኛውን ለማጽደቅ አይደለም። በፎቶ መልካም አስተያየት ያገኘ ዕቃ በአካል ሲላክ በዚያው ድርጅት ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ኢቤይ ከመግለጫው ጋር ለማይገጥም ዕቃ የሚቀበለው አቤቱታ ዕቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ የቀረበውን ነው፤ የአካል ምርመራ ወረፋ ደግሞ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ከመጫረት በፊት ሻጩ፣ ምርመራውን ካላለፈ ዘግይቶም ቢሆን ገንዘቡን እንደሚመልስ በኢቤይ የመልእክት ሳጥን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅና ለምርመራውም በዋጋ ወደድ ቢልም ፈጣኑን የአገልግሎት ደረጃ መምረጥ ያስፈልጋል።