ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ፦ የት ልኑር?

በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኑሮው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ቦርከና ሸለቆ ውስጥ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ።

ጠዋት ከደሴ ጋቢ ደርበህ ትወጣለህ። ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየታጠፈ ሲወርድ ጉሙ ወደኋላ ይቀራል። ኮምቦልቻ ስትደርስ ጋቢው ተጣጥፎ ጉልበትህ ላይ ነው።

ተቀጥሮ መሥራት ለሚፈልግ ወጣት ኮምቦልቻ ትሻላለች። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም እንደዚሁ። ከተማዋ በአብዛኛው ሜዳ ስለሆነች እግር አይደክምም። የቦርከና ወንዝ ግን ያሳዝነኛል። የፋብሪካና የመንደር ቆሻሻ እየተለቀቀበት፣ ከታች ያለው ገበሬ በዚያው ውኃ አትክልት ያጠጣል። ይህ ዝም ሊባል አይገባም።

ለነጋዴ ደሴ ናት። ሰኞ ገበያ ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከወረኢሉ የመጣ ሰው ይገናኛል። ታሞ ሐኪም ለሚፈልግም ትልቁ ሆስፒታል እዚያ ነው። ዳገቱ ግን ለአረጋዊና ለነፍሰ ጡር ከባድ ነው፤ በክረምት ጭቃው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

እኔ ብጠየቅ ኮምቦልቻ ተከራይቼ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ደሴ ፒያሳ አልቀርም።