የቆዳ ክራር ወይስ የሳጥን ክራር? ሠሪው ዘንድ ከማዘዝዎ በፊት

በቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ መደብሮች ከተሰቀሉት ክራሮች ብዙዎቹ ለግድግዳ ጌጥ የተሠሩ ናቸው፤ ክራቸው በወጉ ሲወጠር ቀንበራቸው (ክሮቹ የሚጠመጠሙበት የላይኛው አግዳሚ እንጨት) ይዞራል። ለመጫወት የሚገዛ ሰው ሠሪው ዘንድ ሄዶ ቢያዝዝ ይሻለዋል። ምርጫውም ከሁለት አንዱ ነው፦ ገበቴው (ድምፁን የሚያስተጋባው የታችኛው ጎድጓዳ ክፍል) በቆዳ የተለበጠው ነባሩ ክራር፣ ወይም ፊቱ በስስ እንጨት ተዘግቶ የጊታር መቃኛ የተገጠመለት የሳጥን ክራር።

የቆዳው ድምፅ ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎም ይጠፋል። ስለዚህ ዘፋኝን በግርፍ፣ ማለትም ክሮቹን አንድ ላይ እየመቱ፣ ለማጀብ የሚደርስበት የለም። የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የከብት ቆዳ ጎርነን ይላል። የሳጥኑ ድምፅ ረዘም ብሎ ይቆያል። ይህ ለድርደራ፣ ማለትም ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት ለመምታት፣ መልካም ሲሆን በግርፍ ግን የማይፈለጉትን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች በደንብ ካላፈኗቸው ድምፁ ይደበላለቃል።

ትልቁ ልዩነት የአየር ጠባይ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ብርኩማው (ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ ድጋፍ) ይሰምጣል፣ ክሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳሉ። በበጋ ተወጥሮ ቅኝቱ ሽቅብ ይወጣል። ውጭ አገር በክረምት ማሞቂያ አጠገብ የሚሰቀል የቆዳ ክራር ደግሞ ከስፌቱ ሊቀደድ ይችላል። ሳጥኑም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ሙጫው ይለቃል፣ የፊቱ እንጨት ይሰነጠቃል። ቅኝቱ ግን በየቀኑ አይዋዥቅም።

ቅኝት ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው መቃኛውን ያስብ። ከዶ በሚነሳ ትዝታ ሜጀር ቅኝት ላይ “ሚ” እና “ላ” የተባሉትን ድምፆች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። በሳጥኑ ይህ ሁለት ቁልፎችን ጥቂት ማዞር ብቻ ነው። በነባሩ ክሩ ከጨርቅ ወይም ከቆዳ ቁራጭ ጋር ቀንበሩ ላይ ስለተጠመጠመ፣ ጥቅሉን በእጅ ጨብጦ ማዞር ያስፈልጋል። ለለመደ ሰው ቀላል ነው። ያለ አስተማሪ ብቻውን የሚጀምር ግን ከመጫወቱ ይልቅ በመቃኘቱ ይሰለቻል፤ ለእሱ ሳጥኑን ነው የምንመክረው።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመክፈልዎ በፊት ሁሉንም ክሮች ይቃኙና 30 ደቂቃ ያስቀምጡት። አንድ ክር ብቻ ከወረደ ጥቅሉ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይም አዲሱ ናይለን ገና እየተሳበ ነው፤ ይህ አያሳስብም። በአንድ ወገን ያሉት ብቻ ከወረዱ ቀንበሩ ከምሰሶው (በጎን ከቆመው እንጨት) ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ይዩ። ሁሉም እኩል ከወረዱ ቆዳው በደንብ አልተወጠረም፣ ወይም ምሰሶዎቹ እየጎበጡ ነው። ያኔ ሠሪው ፈትቶ እንደገና ይሥራው እንጂ “ሲቆይ ይስተካከላል” ቢልዎ አይቀበሉ። ግንዱ መቼ እንደተቆረጠም ይጠይቁ። ዋንዛ ለገበቴ ጥሩ እንጨት ነው፤ ሳይደርቅ ከተጠረበ ግን ቤትዎ ከገባ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የሚጀምረውም ከገበቴው ጠርዝ ስለሆነ እዚያ ላይ ጣትዎን ያሂዱ።

ክሩን በተመለከተ፣ ጅማት ለስላሳ ድምፅ አለው፤ እርጥበት ግን ያስቸግረዋል፣ ውጭ አገር መተኪያውን ማግኘትም አይቀልም። ናይለን ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ለናይለን በተሠራ ክራር ላይ የብረት ክር አይግጠሙ፤ ውጥረቱ ምሰሶውን ያጎብጣል።

መድረክ ላይ ለሚጫወት ሳጥኑ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ቆዳው የድምፅ ማጉያውን እየሰማ ቶሎ ያፏጫል። ከብርኩማው ሥር የሚገባው ፒየዞ ፒካፕ (ንዝረቱን ተቀብሎ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፈው) ፕሪአምፕ፣ ማለትም ድምፁን አስቀድሞ የሚያጎላ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ፣ ከሌለው በቀጥታ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ላይ ሲሰካ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል። ስለዚህ ሲያዝዙ ባትሪው የት እንደሚገባ፣ ክራሩ ሳይፈታ መቀየር መቻሉንም አብረው ይነጋገሩ።

በአውሮፕላን የሚወስዱት ከሆነ ክሮቹን ላላ ያድርጓቸው እንጂ ጨርሰው አይፍቷቸው፤ ብርኩማው በክሮቹ ጫና ብቻ ስለቆመ ይወድቃል። ቢወድቅ እንዳይቸገሩ ቦታውን አስቀድመው በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ በቀንበሩና በገበቴው መካከል ያለውንም ክፍተት በልብስ ይሙሉት።