አሚጋ ወይስ አታሪ ኤስቲ?

ሁለቱም የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው፣ የወጡትም በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለቱም ፕሮሰሰር ያው ሞቶሮላ 68000 ነው፤ እንዲያውም የአታሪው በ8 ሜጋኸርትዝ ስለሚሄድ በትንሹ ይቀድማል። ታዲያ ሰው ለምን አሚጋ ላይ አፉን ከፍቶ ቀረ?

በኳሷ ነዋ! አሚጋ የሚችለውን ለማሳየት በተሠራው ፕሮግራም ላይ ቀይና ነጭ ሆና እየተሽከረከረች የምትነጥረው። ነገሩ ትንሽ ማጭበርበር አለበት፦ ሽክርክሪቱ የሚመጣው ቀለማቱን ተራ በተራ በመቀያየር ነው እንጂ ኳሷ በየቅጽበቱ እንደ አዲስ አትሳልም፤ መንጠሩንም የግራፊክስ ቺፖቹ ስለሚሸከሙት ዋናው ፕሮሰሰር ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ኳሷ እየነጠረች ከኋላ ሌላ ፕሮግራም መክፈት ይቻል ነበር። አታሪም ኳስ ማንጠር አያቅተውም። ግን ሲስተሙ የተሠራው አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ እንዲያስኬድ ነው፣ አለቀ። ቀለሙም በአንዴ 16 ብቻ፤ አሚጋ እኮ ሃም በሚባለው ልዩ የሥዕል ሞድ እስከ 4096 ያሳያል።

በዋጋ ግን ያኔ አታሪ ይመታ ነበር፦ 520 ኤስቲ ከጥቁርና ነጭ ሞኒተሩ ጋር 799 ዶላር፣ አሚጋ 1000 ያለ ሞኒተር 1295። የሚዲ መሰኪያም (ኪቦርድና ሌሎች የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚገናኙበት) አብሮት ስለሚመጣ ብዙ ሙዚቀኞች ወደ እሱ ሄዱ፣ እኔም ሙዚቃ ብሠራ እሱን ነበር የምገዛው። ለሥዕል ከሆነ ግን ያለጥርጥር አሚጋ። አንድ ጉድ ብቻ አለበት፦ ፕሮግራሞቹን እርስ በርስ የሚከልል ነገር ስለሌለው አንዱ ሲበላሽ ማሽኑን በሙሉ ይዞት ይወድቃል።