ሃያ ሰባታችንን ላለበሰችው የሽሮ ሜዳ ባለሙያ

ፎቶው ታትሞ ፍሬም ውስጥ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው። አያታችን ሳሎን፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አያታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ሃያ ሰባታችንን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። እንግዳው ቆጠራው እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠብቅና «ልብሱን ማን ሠራላችሁ?» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መመለስ ደክሞኛል፤ ባለሙያዋንም በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈልግም። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

በቤተሰብ ደረጃ ፎቶ ስንነሣ የመጀመሪያችን አይደለም። ከአሥር ዓመት በፊት የአጎቴ ልጅ ሲያገባ ሁሉም ያሻውን ለብሶ መጥቶ ነበር። በዚያ ፎቶ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሙሽራው አይደለም፤ በስተግራ ጥግ የቆመው ባለ ቢጫ ቲሸርት ነው። ባለ ቢጫ ቲሸርቱ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሠርግ «ሁላችንም ነጭ» ተባብለን ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ አዘዝን። የመጣልን ሦስት ዓይነት ነጭ ነበር። በፎቶው ላይ ግማሻችን አዲስ የተቀባ ግድግዳ፣ ግማሻችን የቆየ ጋዜጣ መስለናል።

ዘንድሮ አያታችን 85 ዓመት ሞላቸው፤ የአጎቶቼ ልጆችም ከቨርጂኒያ እና ከዱባይ ለገና እንደሚመጡ ተነገረ። የልብሱ ጉዳይ በእኔ ላይ ወደቀ። ምናልባት የቢጫው ቲሸርት ቅጣት ይሆናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሽሮ ሜዳ መራችኝ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ካለፈ በኋላ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። እንደ ጎረቤቶቿ በሩ ላይ ቀሚስ ስላልተደረደረባት ሁለት ጊዜ አልፌያት ሄድኩ።

እኔ ስልኬ ላይ ያጠራቀምኳቸውን ምስሎች ለማሳየት ስጣደፍ፣ ባለሙያዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣችና «ማን ከማን አጠገብ ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። አያታችን መሐል፣ ሕፃናቱ ከፊት፣ ረጃጅሞቹ ከኋላ እያልኩ መሣል ጀመርኩ። መቆም የማይችል ማን ነው? ነፍሰ ጡር አለች? ፎቶው ሲነሣ ስንት ወሯ ይሆናል? ሁሉንም ጻፈች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሐዘን ላይ ያለ ሰውስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አለ። አክስቴ ባለቤቷን የቀበረችው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ጥቁሯን አላወለቀችም። በቤታችን ይህ ጉዳይ ቀስ እያለ ሲብላላ ሰንብቷል። አንዳንዱ «ለአንድ ቀን ብታወልቅ ምን አለበት?» ይላል፤ ሌላው «ዓመት ሳይሞላ እንዴት ይሆናል?» ይላል። አክስቴ ራሷ «እኔ ጓዳ ቡና አፈላለሁ፤ እናንተ ተነሡ» ብላ ነገሩን ልትዘጋው ሞክራለች። ይህን ሁሉ ለማላውቃት ልብስ ሰፊ ስነግር ራሴን ታዘብኩት።

ባለሙያዋ ወዲያው መልስ አልሰጠችም። በሦስተኛው ቀን ደውላ አያታችንን ለማየት ፈቃድ ጠየቀችና የክር ናሙና ይዛ ጉለሌ ድረስ መጣች። ሐሳቧ ይህ ነበር፦ የሁላችንም ጥለት የወይራ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ይሆናል፤ ከሥሩ የማር ቀለም ይከተላል፤ ከዳር ደግሞ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ይዞራል። አክስቴ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ያው ጥለት ያለበት ነጠላ ትደርባለች። ጥቁሩ በሁሉም ላይ ካለ እርሷ ብቻዋን ጥቁር አትሆንም።

አያታችን ጥቁሩን ክር እንዳዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ጥቁር ጥለት የሐዘን ነው ልጄ። ልጆቼ በስንት ዓመታቸው ተሰብስበው ሐዘን አላለብሳቸውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ያቀረቀርኩት ለዚያ ነው። ሴትዮዋ ግን አልተከራከረችም። ናሙናውን ጭናቸው ላይ አነጠፈችና በጣቷ ጥቁሩን ሸፍና አሳየቻቸው፤ ቀጥላ ጣቷን አነሣች። መስመሩ ሲመለስ አረንጓዴው ከነጩ ፈልቆ የወጣ መሰለ። «እማማ፣ ይህን እንደ ኩል ይዩልኝ» አለች። አያታችን ዝም ብለው ቆዩና «ኩል ከሆነስ ይቅጠን» አሉ። ቀጠነ።

ስለ ሥራው ራሱ ጥቂት ልበል፤ ለሚያዝዝ ሰው ይጠቅማል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነጩ ወደ ወተት ያደላል፤ የፋብሪካ ክር ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚሸሽ ብርቅርቅታ አለው። በሱቅ መብራት ልዩነቱ አይታይም፤ ካሜራ ግን አይምርም። የሠርጋችን ሦስት ነጭ ምክንያቱ ይኸው እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እርሷ የሁላችንንም ጨርቅ ከአንድ ዓይነት ፈትል አሠራች፤ ባለቀለሙን ክር በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ጠቅልላ ገዛች፤ በሌላ ቀን የተነከረ አረንጓዴ ያው አረንጓዴ አይሆንም አለችኝ። ሸማኔዎቿ ከጨንቻ የመጡ የጋሞ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው መወርወሪያውን ሳያቆም ለአያታችን የታሰበው ጥለት ከሌሎቹ ሰፋ እንዲል ሐሳብ ያቀረበው እርሱ እንደነበረ ነገረኝ። እንደዚያው ሆነ፤ የአያታችን ሰፊ፣ የልጆቻቸው መካከለኛ፣ የእኛ ቀጭን፣ የሕፃናቱ እንደ ክር። ጨርቁ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ ውኃ አስነካችው። ከኋላ ፀሐይ ሲመታው ገላ እንዳያሳይ ለሴቶቹ ቀሚስ ገበር አደረገችበት። ለሕፃናቱ ከጎን በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ስፌት ተወች፤ ልጅ ከኅዳር እስከ ጥር እንደሚያድግ እኛ ረስተነው ነበር።

ውጭ ያሉትን በቪዲዮ ለካቻቸው። ሰውነታቸውን አይደለም፤ ልክ የሚሆናቸውን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ከትከሻ ትከሻ፣ ከብብት ብብት በሜትር እንዲለኩ አደረገች። ወገቡን ቀንሶ የሚናገር ሰው አለ፤ ሸሚዝ ግን አይዋሽም። የሁሉም ልክ ሆነ።

ትልቁ አጎቴ ቡናማ ሱፌን አላወልቅም አሉ። እንዳያወልቁ ነገረቻቸውና ከላይ የሚደርቡት ኩታ ሠራችላቸው። አሁን ፎቶው የተዋበው በእርሳቸው ሱፍ ነው ብለው ያወራሉ፤ ይሁን።

ፎቶው የተነሣው ከገና በኋላ በነበረው እሑድ፣ በአያታችን ግቢ፣ ከኮኩ ዛፍ ሥር ነው። ፎቶ አንሺው ለ6 ሰዓት ቀጥሮን ነበር። ባለሙያዋ ናት በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጭ ልብስ ይነድና ጥለቱ ይጠፋል ብላ ወደ 10 ሰዓት ያስቀየረችው። ማንም ሳይጠራት መርፌ ቁልፍና ክር ይዛ መጣች። ከቨርጂኒያ የመጣችው የአጎቴ ልጅ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳ ነበር፤ የለቅሶ አለባበስ መሆኑን ከየት ታውቀው? ባለሙያዋ አያታችን ሳያዩ ጠጋ ብላ፣ የምታስተካክል መስላ፣ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችው። አክስቴም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ነበር። የእርሷን አልነካችውም።

አክስቴ ከአያታችን በስተቀኝ ተቀምጣለች። ፎቶውን ከሩቅ ሲያዩት ጥቁሩ ከእርሷ ተነሥቶ በየሰዉ ጠርዝ እየቀጠነ እስከ ዳር የሚሄድ ይመስላል። ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ፤ አልጣፈጠም ተብሏል።

ጉድለት የለባትም አልልም። ከቀጠሮዋ ሦስት ቀን ዘግይታ ነው ያስረከበችን፤ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሦስት ቀን ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የአንድ ሕፃን እጅጌ አጥሮ መጥቶ ባለበት ተነሥቷል። ዋጋዋም ከመንገድ ዳሮቹ ሱቆች ከፍ ይላል፤ ግማሹን በቀብድ ትቀበላለች፤ ሐሳብ እየቀያየረ የሚመላለስ ደንበኛም አትወድም። ደግሞ ጫማ ላይ ምንም አላለችንም። ከፊት ረድፍ የተቀመጠው የእህቴ ልጅ ሲረግጡት ቀይ መብራት የሚያበራ ጫማ አድርጓል፤ ፎቶው ላይም በርቷል።

ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሽሮ ሜዳ ሁሉ እንደ ሕግ ስለሚይዘው ከገና እስከ ጥምቀት ባትሞክሯት ይሻላል። ለፋሲካ ያሰባችሁ አሁኑኑ ሂዱ፤ ብዙ ሰው ካላችሁ ሁለት ወር ትፈልጋለች። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ቤታችሁ ተነጋገሩ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እርሱን ነው።