ለበረዶ አንድ አካፋ አይበቃም

ቤታችን ማዕዘን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ስንገዛው የወደድነው በሁለት በኩል ፀሐይ ስለሚገባው ነበር። የማዕዘን ቤት ማለት በሁለት በኩል የእግረኛ መንገድ የሚጠረግለት ቤት ማለት መሆኑን የተረዳሁት የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ነው። ለክቼዋለሁ፤ ከፊት 12 ሜትር፣ ከጎን 38 ሜትር። የእንጨቱ ደረጃ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለው መተላለፊያና ከጀርባ ያለው የጋራዡ ፊት በዚህ ላይ ይጨመራሉ። የከተማው ደንብ እንደኛ ያለ የግል ቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግረኛውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር እንዲጠርግ ያዝዛል። የማዕዘን ቤት ከሆነ እግረኛው ወደ አስፋልቱ የሚወርድበትን ጥግም ይጨምራል። ሳይጠረግ ከቆየ ከተማው ራሱ ያስጠርግና ሂሳቡን ለባለቤቱ ይልካል።

ባለቤቴ የልቡ ደም ሥር ከታከመ ወዲህ ሐኪሙ የበረዶ አካፋ እንዳያነሳ ከልክሎታል። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፤ ከባድ ነገር በክንድ ማንሳት ደግሞ የደም ግፊትን ያሻቅባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ልብ አይችላቸውም። ስለዚህ ሥራው የእኔ ሆነ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው፤ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቼ ጠዋት እመለሳለሁ። የምጽፈው ለእኔ ቢጤ ነው፤ ጡንቻው ብዙ ላልሆነ፣ እንቅልፍ ለሚጠብቀው፣ ወገቡን ለነገ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው።

የመጀመሪያውን አካፋ የገዛሁት ርካሽ ስለሆነና መደብሩ በር ላይ ተደርድሮ ስላየሁት ነው። ሰፊ፣ ጎድጓዳ፣ ሁሉም ፕላስቲክ። በሦስተኛው ጠዋት የረጋ በረዶ ስመታበት ከመሃል ተሰነጠቀ። መደብሩ ደረሰኙን ይዤ ብሄድም አልመለሰልኝም፤ በጣም አዝኜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አካፋውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የዶማ ሥራ አሠርቼዋለሁ።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። አመዳይ የሚል ቃል ቢኖረንም በየቀኑ አፋችን የሚገባው በረዶ ነው። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚያንሳፍፈውም በረዶ፣ መሬት ላይ እንደ መስተዋት የሚረጋውም በረዶ። ስም አንድ ሲሆን መሣሪያውም አንድ ይመስለናል። ለእኔ የበረዶ መሣሪያ መምረጥ የተቃናው ሦስቱን መለየት ስጀምር ነው፤ ዱቄቱን፣ እርጥቡንና የተረገጠውን። በጥር ወር የሚጥለው ዱቄት በረዶ አንድ ሜትር ኩቡ ከ100 ኪሎ በታች ሊመዝን ይችላል። በኅዳርና በመጋቢት የሚመጣው እርጥብ በረዶ ግን በዚያው መጠን 200 ወይም 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። በዓይን ሲታዩ ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም፤ ወገብ ግን ያውቃል።

ለዱቄቱ፣ ከፍታው ከሦስት ጣት ካልበለጠ፣ አካፋም አያስፈልግም። ረጅም እጀታ ያለው የውጭ መጥረጊያ ይበቃል። 12 ዶላር የገዛሁት መጥረጊያ እስካሁን ያገለግለኛል። ሰው ሳይረግጠው ከደረሱበት ከደረጃው ጀምሮ እስከ ጥጉ በሃያ ደቂቃ ያልቃል።

ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት አካፋ ይያዙ፤ አንዱ የሚገፋ፣ አንዱ የሚያነሳ። የሚገፋው 60 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ፊቱ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፤ እጀታው ደግሞ በሁለት እጅ የሚያዝ ሰፊ ነው። በረዶውን ወደ ጎን እያንከባለለ ይሄዳል፣ ሥራውም የእግር ነው። በእርሱ ማንሳት ክልክል ነው፤ እርጥብ በረዶ ሞልተው ካነሱበት ወገብ ይሄዳል። የሚያነሳው ጠባብ ይሁን፤ የእኔው 45 ሴንቲሜትር ነው፣ ከዚያ የሚያንስ ቢገኝ እንኳ አልጠላም። ሰፊ አካፋ ሥራ የሚያፈጥን ይመስላል፤ አሥር ጊዜ ካነሱበት በኋላ ግን ማረፍ ግድ ይሆናል። በጠባቡ ሳያርፉ ይጨርሳሉ።

የጎበጠ እጀታ ያለውንም ሞክሬአለሁ። ሲያነሱበት ጎንበስ ማለትን ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ሲወረውሩበት ግን አካፋው በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ ለእኔ ቁመት ደግሞ ይረዝማል። የእህቴ ልጅ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ስለሆነ በጣም ወዶት ወሰደው። ስለዚህ ይህን አካፋ ማንም ቢያመሰግንልዎ መደብሩ ውስጥ ቆመው ሳይዙት፣ ጎንበስ ቀና ሳይሉበት አይግዙ። የፊቱን ጠርዝም ይዩ። ብረት የተለበጠበት የተረገጠ በረዶ ይፍቃል፤ ነገር ግን በየሲሚንቶው መገጣጠሚያ እየተያዘ የእጅ አንጓን ይመታል፣ የእንጨት ደረጃንም ይልጣል። እኔ ለመግፊያው ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርዝ፣ ለማንሻው የብረት ጠርዝ መርጫለሁ። እርጥብ በረዶ አካፋው ላይ እንዳይጣበቅ ከመውጣቴ በፊት ሲሊኮን እረጭበታለሁ፤ የሸክሙን እኩሌታ የሚቀንስ ነው የሚመስለኝ።

አባቴ አሰላ አጠገብ በዐውድማ ስንዴ ሲያዘራ ላይዳውን ከማንሳቱ በፊት ፊቱን አዙሮ ነፋሱን ይጠብቅ ነበር። ገለባው የት እንደሚሄድ ሳያውቅ አንድ ላይዳ አይወረውርም። እኔም በረዶውን በነፋሱ አቅጣጫ እወረውራለሁ፤ የጎኑ 38 ሜትር ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲመታ ደግሞ ከነፋሱ መነሻ ጀምሬ ወደ መድረሻው እጠርጋለሁ። ነፋስ ተቃውሞ የጠረገ ሰው የጣለውን ተመልሶ ያነሳዋል።

ለተረገጠውና ለረጋው በረዶ ደግሞ አንድ መሣሪያ አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን ቤት አላየሁትም። ረጅም ቀጥ ያለ እጀታ፣ ጫፉ ላይ 18 ሴንቲሜትር የሚሆን ጠፍጣፋ የብረት ምላጭ። ዋጋው 30 ዶላር አይሞላም። እንደ ዶማ ከትከሻ በላይ አይነሳም። እንደ ዘነዘና ቀጥ አድርገው ትንሽ ያነሱትና ይለቁታል፤ ክብደቱ ራሱ ይሠራል። በረዶው ሲሰነጠቅ ምላጩን ከሥሩ አስገብቶ እንደ ምጣድ ቅርፊት ማንሳት ነው። ከሁሉም መሣሪያዎቼ የምወደው ይህን ነው። ፖስታ አመላላሿ ሴት ባለፈው የካቲት በእኛ ጥግ ሳትንሸራተት ያለፈችው በእርሱ ነው።

ጨው ብዙ የሚባልበት ጉዳይ ነው። ተራው የመንገድ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። ያኔ የሚበተነው ጨው በረዶውን አያቀልጥም፤ በፀደይ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ከመግባት በቀር ምንም አይሠራም። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር የሚያህል ውኃ ለዘለቄታው ትበክላለች ይላል። ሐይቆቹን ስለምወዳቸው ይህ ያሳስበኛል። ለአሥር የእግረኛ መንገድ ሰሌዳ አንድ ትልቅ የቡና ኩባያ ጨው በቂ ነው፤ እርሱም በረዶው በአካፋ ከተነሳ በኋላ። ብርዱ ሲጠና አሸዋ እበትናለሁ። ከተማው ለነዋሪዎች በነፃ የሚሰጠው አሸዋ አለ፤ ባልዲና አካፋ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

የ2022/23ቱ የበረዶ ወቅት ግን ለአካፋ የሚቻል አልነበረም። በእነዚያ ወራት መንታ ከተሞቹ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ 90 ኢንች፣ ማለትም ከ2 ሜትር ከ25 በላይ ጣለ። በሚቀጥለው መስከረም በባትሪ የሚሠራ ባለ አንድ ደረጃ በረዶ ጠራጊ ማሽን በ650 ዶላር ገዛሁ። ስፋቱ 53 ሴንቲሜትር ነው፤ የላስቲክ መቅዘፊያዎቹ መሬቱን እየነኩ በረዶውን ያፍሱና ይወረውሩታል። ለእግረኛው መንገድ ወድጄዋለሁ። ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይፈልግም፤ ጎረቤት አይቀሰቅስም። ባትሪው ግን ብርድ ስለሚያዳክመው ኩሽና ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ውጭ በሚቀዘቅዝ ጋራዥ ውስጥም ቻርጅ አላደርገውም።

ያቃተው አንድ ቦታ ነው። የእኛ ጋራዥ የሚከፈተው ከቤቶቹ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ነው። የከተማው መኪና ያንን ሲጠርግ በጋራዡ ፊት የጉልበት ቁመት ያለው ግድግዳ ትቶ ያልፋል። ተጨፍልቆ የተገፋ፣ ውስጡ የበረዶ ድንጋይ ያለበት ክምር ነው፤ ሌሊቱን ካደረ ሲሚንቶ ይሆናል። የላስቲኩ መቅዘፊያ እላዩ ላይ ይዘላል። ለዚህ የሚሆነው ባለ ሁለት ደረጃው ማሽን ነው፤ በፊቱ ያለው የብረት ጥምዝ ይሰብራል፣ ከኋላው ያለው ማራገቢያ ይወረውራል። መሬቱን ስለማይነካ ጠጠር ላይም ይሠራል። ነገር ግን 90 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ዋጋውም ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ታዋቂ ሠሪዎች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ቶሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ብሉሚንግተን ነው፤ አሪየንስ ጎረቤት ዊስኮንሲን ነው። ስለዚህ መለዋወጫና ጠጋኝ አይጠፋም።

እኔ ብቻዬን አልገዛሁትም። ከጀርባ መንገዱን የምንጋራው ሦስት ቤቶች ነን፤ እኛ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርትና ከሁለት ሕፃናት ጋር የሚኖሩ ባልና ሚስት። ያገለገለ ባለ ሁለት ደረጃ ማሽን በ720 ዶላር አግኝተን እኩል 240 አዋጣን። መምህርቷ በግምት 78 ዓመታቸው ነው፤ እርሳቸው ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል፤ የእርሳቸውን ፊት ከሁሉ አስቀድመን እንጠርጋለን። ስምምነታችን አጭር ነው። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ አይነሳም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። በረዶ የማሽኑን አፍ ከደፈነው መጀመሪያ ሞተሩን እናጠፋለን፤ ከጠፋም በኋላ የሚገባው ከማሽኑ ጋር የመጣው ዱላ ብቻ ነው፣ እጅ በፍጹም አይገባም፤ ምላጩ በታፈነ ኃይል ድንገት ሊዞር ይችላል። ድንጋይ ሲነክስ የሚሰበሩት ትንንሽ ብሎኖች የተሠሩት ሌላው ክፍል እንዲተርፍ እነርሱ እንዲሰበሩ ነው፤ ስለዚህ አራት ትርፍ ብሎን ሁልጊዜ ግድግዳው ላይ ባለችው ጣሳ ውስጥ አለ። የመጨረሻውን የተጠቀመ ሰው በማግስቱ ይተካል።

ሊገዙ ያሰቡ ካሉ በመስከረም ይግዙ። በረዶው ከጣለ በኋላ በመደብሩ የሚቀረው እኔ የመጀመሪያ ቀን የገዛሁት ዓይነት አካፋ ነው።