ካርካኖዬን ሴራኮት ካስቀባሁ ከወራት በኋላ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ የድሮ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ገብተዋል። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ አንድ የጣሊያን ካርካኖ ገዛሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1891ዱ ሞዴል፣ ረጅሙ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን የያዘው፣ አርበኞቻችንም እየማረኩ መልሰው የተኮሱበት ዓይነት ነው።

መልኩ ግን ያሳዝን ነበር። የአፈሙዙ ቁጥር ሌላ፣ የሰደፉ ሌላ። የፋብሪካው ጥቁር ቀለም አልቆ ብረቱ ቡኒ ሆኗል። ሰብሳቢ የሚጓጓለት ዕቃ ስላልሆነ ሴራኮት ላስቀባው ወሰንኩ። አንበሳ የተቀረጸበት የጃንሆይ ዘመን ቤልጅግ ቢሆን ኖሮ ንክች አላደርገውም ነበር። እንደዚያ ያለውን ማስቀባት ዋጋውን ገደል መክተት ነው።

ሴራኮት ኦሪገን ውስጥ የሚመረት፣ ሴራሚክ ያለበት ቀለም ነው። እኔ ያስቀባሁት ኦቨን ውስጥ የሚደርቀውን፣ ኤች የሚባለውን ነው። 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ውፍረቱ 25 ማይክሮን ቢደርስ ነው። ከዚያ በፊት ብረቱ በአሴቶን ይታጠባል፣ ኦቨን ገብቶ የጠጣውን ዘይት ያልባል፣ ከዚያ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በአየር ግፊት ይፋቃል። የቀለሙ ጥራት ያለው እዚህ ዝግጅት ላይ ነው። መርጨቱማ የመኪና ቀለም የሚረጭ ሰውም አያቅተውም። ጠመንጃው ቀቢው ዘንድ የሚያድር ከሆነ ቀቢው የፌዴራል የጦር መሣሪያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። የጠመንጃው ቁጥር ደግሞ መነበብ አለበት፤ ቁጥር ማጥፋት ወንጀል ነው።

ቀለሙ ግራፋይት ብላክ ነው። ሲመጣ ድብዝዝ ብሎ ያልተሟሸ ምጣድ መሰለኝ። አሁን ለምጄዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቨርጂኒያ ነሐሴ ወበቅ ነው፤ እጅ ያልባል፣ ላቡም ጨው ነው። በፊት ከተኩስ ሜዳ ተመልሼ በዘይት ጨርቅ ካልወለወልኩት በማግስቱ የጣቴ አሻራ በዝገት ታትሞ አገኘው ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ዝናብ ካገኘው በኋላ እንጨቱን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ካርካኖ ላይ እንጨቱ አፈሙዙን እስከ ጫፉ አቅራቢያ ይሸፍናል፤ ውሃ የሚተኛውም እዚያ ስር ነው። ንጹሕ ነበር። ለእኔ ገንዘቡን ያወጣሁበት ቦታ ይሄ ነው። ከላይ የሚታየውንማ ዘይትም ይጠብቀዋል።

የለቀቀባቸው ቦታዎችም አሉ። የማቀባበያው እጀታ ሲታጠፍ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርማ መስመር ወጥቷል። የማንገቻው ቀለበትም እንዲሁ። ብረት ከብረት ጋር በተፋተገ ቁጥር የሚጠበቅ ነው። የቪቴዎቹ ራስ ግን አናዶኛል። ካቻቪቴ በነካቸው ቁጥር ይላጣሉ፣ በተላጡበትም ዝገት ይጀምራል። እነሱን ሳይቀቡ ዘይት እየነኩ መተው ይሻላል።

ከሁሉ ያበሳጨኝ የኋላ ማነጣጠሪያው ስር የወጣው እብጠት ነው። የምስር ፍሬ ያህላል። በጥፍሬ ስጫነው ፍርክስ አለና ከስሩ ቡኒ ዘይት ታየኝ። ብረቱ ስንት ዘመን የጠጣውን ግራሶ ኦቨን ውስጥ በደንብ ሳይተፋ ተቀብቷል ማለት ነው። የቀባልኝ ባለሙያ «የአሮጌ ብረት ጠባይ ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። አሮጌ መሆኑን እያየ አይደል የተቀበለኝ? ደጋግሞ ማሞቅ ነበረበት። ለማንኛውም ያችን ቦታ በነጻ ደገመልኝ። እስካሁን ደህና ናት።

ጠመንጃው የተሠራበት፣ ጣሊያን ያለው የተርኒ ፋብሪካ ማህተም ይነበባል፣ ግን ጠርዙ ለስልሷል። ድሮ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁረው አሁን የለም። ጥፋቱ ከቀለሙ ይልቅ የመፋቂያው ዱቄት ይመስለኛል። ማህተም ያላችሁ ሰዎች በቀስታ እንዲፋቅ፣ ወይም እንዲሸፈን ንገሩ።

አንዳንዱ «ሴራኮት ነው» እያለ ጠመንጃ ማጽዳት ያቆማል። ቀለሙ አፈሙዙ ውስጥ አይገባም፤ ሲረጭ በጎማ ተደፍኖ ነው። የድሮ ጥይት የምትተኩሱ ከሆነ መለኮሻው ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። ሶልቨንት በሚባለው የጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ ብቻ አይለቅም፤ መጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። እንጨቱን እኔ ራሴ የተልባ ዘይት እየቀባሁ ነው የምይዘው።

ዋጋው ከጠመንጃው ዋጋ ብዙም አላነሰም። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ለሚተኮስበት፣ ቁጥሩ ለማይገጥም፣ መልኩ ለጠፋ ጠመንጃ እንደገና አደርገዋለሁ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ግን ሳንቲም አላወጣም፤ ለዚያ ጨርቅና ዘይት ይበቃዋል።